ብብት ዳሳሿ

በጡረታ ስንብቴ ቀን የአስተዳደር ኃላፊያችን ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ "ሲስተር አምሳለ በሽተኛ ሲመጣ እንደ ሰው 'እንደምን አደርክ' አትልም፤ ቀጥታ ብብቱ ውስጥ ነው እጇን የምትከተው" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲጥመው ጊዜ፣ "እንግዲህ ዘመኑ ተለውጧል፤ አሁን ጋይድላይን ስላለን ብብታችንም ያርፋል" ብሎ ጨመረበት። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ያለበሱኝን ጋቢ እያስተካከልኩ አየሁት። ጋይድላይኑን አንብቤዋለሁ። ስለ ብብት ላብ ተጽፎበታል። ያላነበበው እሱ ነው።

ቦንጋ ውስጥ "ብብት ዳሳሿ" የሚል ስም ከወጣልኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገበያ ውስጥ ሲያየኝ ክንዱን ከጎኑ የሚያጣብቅ ሰው አለ። የባጃጅ ልጆች "ሲስተር፣ ዛሬ ታጥቤያለሁ፣ አይፍሩ" እያሉ ያሾፉብኛል። በዚህ ተከፍቼ አላውቅም። ስሙን እንደ ነውር ቆጥሮ በስንብቴ ቀን ሊቀብርልኝ ለሚነሣ ሰው ግን ዝም አልልም። ስሙ የኔ ነው፤ እንዴት እንዳገኘሁትም ራሴ እናገራለሁ።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። በነርስነት ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት እንድማር ተመርጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ተመረጥኩ ልበል እንጂ ሌላ የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ነው። እናቴ "እብድ ጠባቂ ልትሆኚ?" ብላ አለቀሰች። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያን ጊዜም ወሬ የሚሆን አልነበረም።

ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ የሚባሉ አንጋፋ ነርስ ናቸው። ግዙፍ ሰው ሆነው ድምፃቸው ቀጭን ነበር። በሽተኛ ታስሮም ይምጣ እየጮኸ፣ ፊት ለፊቱ አይቆሙም። ከጎኑ ዝቅ ብለው ይቀመጡና ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ እያወሩት፣ ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው በሸሚዙ ሥር ወደ ብብቱ ይሰዳሉ። እጃቸውን ሲያወጡ ጣታቸውን ከጣታቸው ጋር ያሻሻሉ። ከዚያ ዓይኑን ያያሉ፣ ምላሱን ያያሉ፣ ከእምብርቱ በታች ፊኛው መወጠሩን በመዳፋቸው ይለካሉ። ቤተሰቡንም "መቼ አበደ?" ብለው አይጠይቁም። "ማን ምን አጠጣው?" ነው የሚሉት።

"እብደት ብብት አያደርቅም" ይሉን ነበር። "ያበደ ሰው ሲታገል ያልበዋል። ፊቱ ቀልቶ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ብብቱ እንደ ዱቄት ደርቆ ካገኛችሁት ግን ቅጠል ወይ ፍሬ ቀምሷል ብላችሁ ጠርጥሩ።"

ቅጠሉ አስተናግር ነው። በየቆሻሻ መጣያው፣ በየበረቱ ጥግ የሚበቅል፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ተክል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። እኔ ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አልገባኝ ብሎ ጋሽ በየነን ጠየቅኋቸው። ሻይ እየጠጣን ነበር፤ ከበሩ ውጭ ውይይት ታክሲዎች ተሰልፈው ቆመዋል።

"ነርቭ የላብ ዕጢን 'ሥሪ' ብሎ ሲያዝ መልእክተኛ ቅመም ይልካል" አሉኝ። "መልእክተኛው ሄዶ የሚቀመጥበት ወንበር አለው፤ መጽሐፉ ሪሴፕተር የሚለው። ሾፌር ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መኪናው ይነሣል አይደል? አስተናግር ውስጥ ያሉት እነ አትሮፒን ቁመናቸው ሾፌሩን ይመስላል። ቀድመው ገብተው ወንበሩን ይይዛሉ። መንዳት ግን አይችሉም። እነሱ አይነዱ፣ ሾፌሩን አያስገቡ። ላቡም ምራቁም አንጀቱም ፊኛውም እዚያው ቆሞ ይቀራል።"

"አንጎሉስ?"

"አንጎል ውስጥም ያው ወንበር አለ። እዚያ ሲቀመጥ ነው ሰውየው ከሞተ አጎቱ ጋር የሚያወራው።"

"ታዲያ መድኃኒቱ?"

"ማርከሻ አለው ይባላል፤ እኛ አገር አልገባም። ያለን ነገር ወንበሩን እስኪለቅ መጠበቅ ነው። ይለቃል። እስከዚያ እንዳይግል፣ እንዳይወድቅ፣ ሽንቱ እንዳይታገት ትጠብቂዋለሽ። ላርጋክቲል እንዳትወጊው ብቻ። ላርጋክቲልም እዚያው ወንበር ላይ ሄዶ ነው የሚቀመጠው።"

ላርጋክቲል ያን ጊዜ ለሚጮህ በሽተኛ ሁሉ የሚወጋ ማረጋጊያ ነበር። የሚጮህን ሰው ዝም ማሰኘት እንደ ማዳን ይቆጠር ስለነበር እጃችን ሁሉ ወደ እሱ ይሮጥ ነበር።

ትምህርቱን ስንጨርስ ዕጣ ተጣለና ቦንጋ ደረሰኝ። ከፋና ሸካ ገና አንድ ዞን ነበሩ። የገባሁት በክረምት ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ነጠቀኝ። የተመደብኩበትን ጤና ተቋም ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያው አለቃዬ ክፍሌን ከፍቶ ሁለት አልጋ አሳየኝና፣ "ቁልፉ ይኸው፤ ሰንሰለቱ መጋዘን አለ" አለኝ። ሰንሰለቱን ፈርሜ ተረከብኩና ለግቢው በር መዝጊያ እንዲሆን ለዘበኛው ሰጠሁት። ንብረት ያለ አግባብ በማዘዋወር የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

አሁን ስለ ወልዴ ልናገር። ወልዴ ከደካ ወዲያ ያለ ገጠር የመጣ ንብ አናቢ ነበር። ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ፣ ደረቱ ሰፊ፣ እጁ በማር ሰም የለሰለሰ ሰው። ሳል ይዞት መንደር ውስጥ ቅጠል ቀቅለው ያጠጡታል። በማግሥቱ ከአየር ላይ ንብ ሲለቅም አገኙት። ቃሬዛ ላይ አስረው አመጡልኝ። ብብቱን ዳሰስኩ፤ ደረቅ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቀለሙ አይታይም። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። የጋሽ በየነ ትምህርት አንድም ሳይጎድል አልጋው ላይ ተኝቶልኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሙን፣ አቶ ገብሬን፣ "እብደት አይደለም፣ ቅጠሉ ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ ስጡኝ" አልኩት። ልብሱን አስወልቄ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ፣ መስኮቱን ከፍቼ ዋልኩ። ዘመዶቹ ይህን ሲያዩ ጨነቃቸው። ታማሚን ራቁቱን ብርድ ላይ ማስተኛት በእነሱ ዘንድ መግደል ነው። በነጋታው ጠዋት ሰብሰብ ብለው መጡና፣ "ይሄ የመርፌ በሽታ አይደለም፤ መንፈስ ነው" አሉኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ልብሳቸውን ያዝኩ። አለቃዬ መጣና "ቤተሰቡ ከወሰነ መብቱ ነው" ብሎ እጄን ከበሩ አላቀቀ። ወልዴን አንሥተው ሄዱ።

ከሳምንታት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ አቶ ገብሬ ከፊቴ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

"ሲስተር፣ አላላበውም" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"እሳት ዳር አስተኛነው። ብርድ ልብስ ደረብንለት። ካላበው መንፈሱ ይለቀዋል ተባልን። አላልበው አለ። ሌላ ደረብን። ጋቢ ጨመርን፣ አጠንነው። አላላበውም። እንዲያልበው ብለን... ቆዳው እንደ ምድጃ ጋለ። ከዚያ ሞተ።"

የማያልበውን ሰው እስኪያልበው ድረስ ጠበቁት። ይህን ስሰማ እዚያው ከበርበሬው ነጋዴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እያለቀሱ ነው የደረቡለት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ሞቶብኛል፤ እንደ ወልዴ ያንገበገበኝ ግን የለም። ምክንያቱም የበሽታውን ስም አውቄዋለሁ፣ መጨረሻውንም አውቄዋለሁ፣ በሩን ብቻ ነው ያጣሁት። ከዚያ ወዲህ ብብቱ የደረቀ ሰው በእጄ ከገባ በሩን ለማንም አልለቅም ብዬ ማልኩ። ግትር የሚሉኝ ከዚያ ጀምሮ ነው። ልክ ናቸው፤ ግትር ሆኛለሁ።

ጥቂት ዓመት አለፈና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርት ታደለችን አመጡልኝ። ታደለች የቦንጋ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር፣ ንጽሕት፣ ቆፍጣና፣ ተማሪዎቿ ከሩቅ ሲያዩዋት ሸሚዛቸውን ሱሪ ውስጥ የሚከቱላት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ እየጻፈች ሳለች ጠመኔውን ጥላ ከአየር ላይ ክር መሰብሰብ ጀመረች። የሞተች እህቷን በስሟ እየጠራች አናገረቻት። ከዚያ ሞቀኝ ብላ፣ ስልሳ ልጅ እያያት፣ ልብሷን አወለቀች።

ወደኛ ስትደርስ ወሬው ከተማውን ዞሮ ጨርሷል። የኮንትራት መኪና ከበሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ወንድሟ ኃይሌ ወደ ሌላ ቦታ፣ ሰዎች እየታሰሩ ወደሚከርሙበት፣ ሊወስዳት አዘጋጅቶ ነው ያመጣት፤ እኛ ዘንድ የቆመው ለመንገድ ማስተኛ መርፌ ብቻ ነበር።

ተረኛው ዶክተር ሰለሞን ምጥ ሲያዋልድ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። ጩኸቷን ከኮሪደሩ ሰምቶ፣ "ላርጋክቲል ስጪያት ሲስተር" አለኝ።

"ዶክተር፣ መጀመሪያ ብብቷን ይዩልኝ።"

ሊቆጣ ነበር። ግን ጨዋ ሰው ነውና ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። ቆም አለ። ዓይኗን በባትሪ አየ። "አትሮፒን" አለ ለራሱ። የጻፈውን ወረቀት ቀደደና፣ "ለመረጋጋት ትንሽ ዲያዜፓም፣ ለሽንቷ ካቴተር፣ እርጥብ ፎጣ፣ ጨለም ያለ ክፍል። የሚጮህባት ሰው አይግባ" አለ። እኔ የማውቀውን እሱም ያውቃል፤ ድካም ነው ያስረሳው። እንደሱ እጁን ለመስደድ የማይጠየፍ ብዙ ሐኪም ቢኖር እመኛለሁ።

የቀረው በሩ ነበር። ኃይሌ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ "ሲስተር፣ እህቴ ነች፣ ትለቂልኛለሽ" አለ። እናቱ እማማ ወለተ ከኋላው ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ያለቅሳሉ። እቤታቸው የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ ሲሆን ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል።

"ልጄ ሰው ፊት ልብሱን አወለቀ" አሉኝ። "ከዚህ በኋላ ማን ያገባዋል? ማን ልጁን ይሰጠዋል እንዲያስተምር? ውሰዱት፣ ይሸሸግ።"

ከወልዴ ዘመዶች ጋር ተከራክሬ አላሸነፍኩም። ስለዚህ አሁን አልተከራከርኩም። የእማማ ወለተን እጅ ያዝኩና "ይቅርታ እማማ" ብዬ ራሳቸው ብብት ውስጥ ከተትኩላቸው።

"ምን ይላል?"

"እርጥብ ነው። ሮጬ መጣሁ እኮ።"

ቀጥሎ እጃቸውን ከልጃቸው ብብት ውስጥ አስገባሁት። ታደለች ያን ጊዜ ከሁለት ነርሶች ጋር ስትታገል ነበር። እማማ ወለተ ደነገጡ። እጃቸውን አውጥተው አዩት፤ መልሰው ከተቱት።

"ደረቅ ነው። እንደ ደረቀ እንሰት ቅጠል ደረቅ።"

"ከእርስዎ ይልቅ የምትታገለው እሷ ናት። ላቧ የት ሄደ? ዛሬ ምን ቀመሰች እማማ?"

ጥቂት አሰቡ። "ጥርሱን አመመው። እትዬ አስካለች ጋ ታጠነ። ትሉ ወጣለት፤ እኔ በዓይኔ አየሁ።"

የጥርስ ትል የሚባለውን የማያውቅ የለም። አስካለች የታወቁ የጥርስ መድኃኒተኛ ነበሩ። የአስተናግር ዘር በጋለ ገል ላይ ይነሰነሳል፤ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳህን ይቀመጣል፤ ታማሚው ጋቢ ተከናንቦ አፉን ከፍቶ ጭሱን ይስባል። ሲያበቃ ውኃው ላይ ነጫጭ ትሎች ይንሳፈፋሉ። ለታደለች ግን ጭሱ አልበቃ ብሎ የተረፈውን ዘር በታመመው ጥርሷ ላይ ነክሳ ይዛ ትምህርት ቤት ገብታለች።

እማማ ወለተ ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ አንድ ነገር አደረጉ። በሩ ላይ፣ ከኔ ጎን፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ኃይሌ "እናቴ፣ ተነሺ እንጂ" ቢላቸው በራሳቸው ቋንቋ ቆጣ ብለው መለሱለት። ሁሉም አልገባኝም፤ መኪናው ግን ሞተሩን አጠፋ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ጠበቅን። ፎጣ እያረጠብኩ፣ ውኃ በማንኪያ እየሰጠሁ፣ እጄን እየሰደድኩ። በማግሥቱ ከሰዓት ላይ እጄን ስሰድ ጣቴ እርጥበት ነካ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ላብ ነካኝ ብሎ እጁን ይታጠባል። እኔ ጣቴን ከጣቴ አሻሽቼ አለቀስኩ። ሾፌሩ ወንበሩን አግኝቷል። ሲመሽ ታደለች ዓይኗን ገልጣ፣ "ሲስተር፣ የጀመርኩትን ትምህርት ማን ጨረሰው?" አለችኝ።

ሰው ይድናል፤ ስም ግን አይድንም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወላጆች ልጆቻቸውን እያስወጡበት እንደሆነ ነግሮኝ "እስኪሻላት መጋዘን ትሥራ" አለ። ተሽሏት እኮ ነው። "አእምሮዋን ታማ ነበር ብለሽ ጻፊልንና እረፍት እንስጣት" ሲለኝ፣ "የጻፍኩት ተመርዛለች ብዬ ነው፤ ሌላ አልጽፍም" አልኩት። ለዚህም ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ።

ታደለች ግን ከኔ ትብሳለች። ለማንበብ ዓይኗ ገና ብዥ እያለባት፣ ርዕሰ መምህሩን "ወላጆቹን ይሰብስቡልኝ" አለችው። ከዚያ አብረን እትዬ አስካለች ቤት ሄድን።

አስካለች ኩሩ ሴት ነበሩ። "እኔ ሰው አላሳበድኩም" አሉን ከበራቸው ሳይነሡ። "ትሏን አውጥቻለሁ። እናቷ አይታለች።"

"እኮ፣ እሱኑ ሰው ፊት ያሳዩልኝ እትዬ" አለች ታደለች።

"ምን አስፈራኝ? አሳያለሁ።"

በቀጠሮው ቀን ግቢው በወላጅ ሞላ። ነፋሱ ጭሱን ከሰው እንዲያርቅ ቦታውን ራሷ ታደለች መረጠች። አስካለች ዘራቸውን ይዘው፣ ነጭ ለብሰው መጡ። ገሉ ጋለ፤ ሳህኑ በንጹሕ ውኃ ተሞላ፤ ወላጆች እየተጋፉ ውኃው ባዶ መሆኑን አዩ።

"ታማሚው ማነው?" አሉ አስካለች።

ታደለች በርጩማ አምጥታ ገሉ ፊት አኖረችና ጋቢውን በርጩማው ላይ ጣለችበት። "ማንም የለም እትዬ። ለበርጩማው ያድርጉለት።"

ሰው ሳቀ። አስካለችም ፈገግ ብለው፣ ሊያሳፍሯት፣ ዘሩን ነሰነሱ። ዘሩ በሙቀቱ ተንጣጣ፤ ጭሱ ከጋቢው ሥር ወጣ። ሲያበቃ ጋቢውን አነሡ። ሳቁ ቆመ። ውኃው ላይ ነጫጭ፣ ጥምዝምዝ ያሉ ትሎች ተንሳፍፈዋል።

ታደለች አንዱን በእንጨት አንሥታ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ይህ የዘሩ ፅንስ ነው። ሲግል ከቅርፊቱ ይወጣል። በርጩማ ጥርስ የለውም" አለች።

አስካለች ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ቀና ብለው ታደለችን ብቻ እያዩ፣ "እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የማንን ትል ነው ሳወጣ የኖርኩት?" አሉ። ታደለች ጋቢውን አራግፋ ትከሻቸው ላይ አለበሰቻቸው። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞራ፣ "ነገ ጠዋት ክፍሌ እገባለሁ" አለች። ርዕሰ መምህሩን አልጠየቀችም። በነጋታው ገባች፤ ልጆቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። አስካለች እስኪሞቱ ድረስ ጥርሱን የታመመ ሰው ሲመጣባቸው ወደኛ ይልኩት ነበር፤ "ብብት ዳሳሿ ጋ ሂድ" እያሉ። ስሙ የተስፋፋው በሳቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ስንብቱ አዳራሽ ልመለስ። የአስተዳደር ኃላፊው ቀልዱን ጨርሶ ሰው ተራ በተራ እየመጣ ሲስመኝ፣ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት ሰልፉን አቋርጣ መጣች። ታደለች ናት፤ አሁን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት። የምስክር ወረቀቱን አላየችም፣ ጉንጬንም አልሳመችም። ማይክራፎኑ ፊት ቆማ ቀኝ ክንዷን ወደ ላይ አነሣች።

"ሲስተር፣ ይዳስሱኝ እንጂ" አለች።

እጄን ከጋቢው ሥር አውጥቼ ብብቷ ውስጥ ከተትኩ። አቀበቱን በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው። ጣቴን ከጣቴ አሻሸሁና ለአስተዳደር ኃላፊው ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

"ያልባታል" አልኩት።